የባቲስታ ሞተር ሳል

ቅዳሜ ጠዋት በኤርሲሊያ ኦቨን ውስጥ ያለው ላዛኛ አልነበረም። ባሏ ባቲስታ የትንሿ መኪናውን ሞተር ቤት፣ ከዶሮ እንቁላል ብዙም የማይበልጠውን ያንን የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ በላዛኛው ትሪ መሐል አስቀምጦ በመቶ ሃምሳ ዲግሪ ያግለዋል። አዲሱ ኩሽኔታ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ ነው። የሞቀው ይሰፋል፣ የቀዘቀዘው ይኮማተራል፤ ሁለቱ በተገናኙባት ቅጽበት ኩሽኔታው ያለ መዶሻ ሸርተት ብሎ ቦታው ይገባል። ትንሽ ከዘገዩ ግን መንገድ ላይ ተናንቀው ይቀራሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚገላግላቸው የለም።

"ተዘጋጀሽ?" አለ ባቲስታ፣ የእሷን የኦቨን ጓንት በሁለት እጁ አጥልቆ። ጓንቱ ላይ ዶሮዎች ተስለውበታል።

"ተዘጋጅቻለሁ። ፊትህን አርቅ። እጅህን እንዳትለበልብ። መስኮቱን ልክፈተው?"

"ኤርሲሊያ፣ ኦቨን ነው እንጂ እሳተ ገሞራ አይደለም።"

"ባለፈውም እንዲህ ብለህ ነው ቅንድብህ የተላጨው።"

"እሱ የገና ዳክዬ ነበር! በሞተር አታሳብቢ።"

በሩን ከፈተው። ሙቀቱ ወጥቶ መነጽሩን በአንዴ ጉም አለበሰው። "በይ አሁን! ኩሽኔታውን! ቶሎ!"

ኤርሲሊያ "ቶሎ" ሲሏት እጅና እግሯ የማን እንደሆኑ ይጠፋታል። ፍሪዘሩን ከፈተች፣ በፎይል የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አነሳች፣ በተዘረጋችው ጓንት ላይ ጣለችለት። እሱም ምንም ሳይታየው ፎይሉን በጥርሱ ገፎ የያዘውን ቀዳዳው ውስጥ ወተፈው። ችስ ብሎ ተንጣጣ። ቤቱ ወዲያው በአሣ ሾርባ ሽታ ተሞላ።

ባቲስታ መነጽሩን በክንዱ ጠርጎ ወደ ውስጥ አየ። "ይኼ ምንድን ነው?"

"ፐርሰሜሎ ነው" አለች ኤርሲሊያ፣ ድምፅዋ እየሞተ። "የመስከረሙ። ለአሣ ሾርባ ያስቀመጥኩት።"

"ኩሽኔታ ነው ያልኩሽ!"

"በፎይል ጠቅልል ማን አለህ! በዚህ ፍሪዘር ውስጥ በፎይል የሚጠቀለለው ፐርሰሜሎ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፐርሰሜሎ ነው!"

የሞተሩ ቤት እንደገና ታጠበ፣ እንደገና ጋለ፣ ኩሽኔታውም በሁለተኛው ሙከራ ልክክ ብሎ ገባ። ግን ባቲስታ ሲያስገባው ሁለት ጊዜ ጠርዙን ስቶት ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል። ኤርሲሊያ አይታለች፤ እንዳላየች ሆና ትሪውን በአመድና በሳሙና መፈተግ ያዘች።

ባቲስታ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። ከወንዙ ማዶ በነበረች ትንሽ ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን ሞተሮች ሲገጣጥም ኖሯል። ሥራው ፒስተንን ከሲሊንደሩ ጋር ማጋባት ነበር፤ መለኪያ አያምንም፣ በአውራ ጣቱ ነው የሚሰማው። ጤነኛ ሞተር ሲቀዘቅዝ ፒስተኑ አናቱ ላይ ሲደርስ ጠበቅ ብሎ ይነክሳል፣ ሲሞቅ ይለቃል ይል ነበር። ያልነከሰውን ወደ ቅርጫት ይወረውረዋል። ጡረታ ሲወጣ አለቃው አንድ ሞተር በስጦታ ሰጠው፤ እሱም መኪና ሠራለት። ክንድ የምታህል፣ ሰው የማይጫናት፣ በሬዲዮ የምትነዳ መኪና ናት፤ ግን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከለቀቋት ወደ ብሬሻ ከተማ ከሚሄደው አውቶቡስ ትፈጥናለች። በወር አንድ እሑድ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ካለው ጥርጊያ ላይ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ያወዳድራታል። ከሁሉ በላይ መቅደም የሚፈልገው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ የኤርሲሊያን ታናሽ ወንድም፣ ጋውዴንሲዮን።

መዘዙን ያመጣውም ይኸው ጋውዴንሲዮ ነው። በፋሲካ ምሳ ላይ ወይኑን እየጠጣ "እትዬ" አላት፣ "የባልሽ ነዳጅ ሲቃጠል እሳቱ እንደማይታይ ነግሮሻል?"

"እንዴት አይታይም?"

"ሜታኖል ነዋ! ቀለም የለውም። ሰውየው ዝም ብሎ ሲዘል፣ ሲጨፍር ታይዋለሽ። ምን ነካው፣ ደስ ብሎት ይሆን ትያለሽ። እየነደደ ነው።"

ባቲስታ "ተዋት፣ እንቅልፍ ታጣለች" ቢለውም ቃሉ አንዴ ወጥቷል። እውነት መሆኑ ደግሞ አባሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤርሲሊያ ወደ ጋራዡ ስትገባ እጇን ከፊት ለፊቷ እያውለበለበች፣ የማይታይ እሳት ትፈልጋለች። ትከሻዋ ላይ እርጥብ ፎጣ አይጠፋም። ባቲስታ ትንሽ ጮክ ብሎ ከዘፈነ "ባቲስታ! እየነደድክ ነው?" ትላለች።

ፎጣ ግን ምን ያህል ያድናል? እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ቦርሳዋ ውስጥ የማዶናው ጠርሙስ ነበር፤ በእመቤታችን ቅርጽ የተሠራ፣ ሰማያዊ አክሊሏ ክዳን የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ጠበል ሞልታበታለች። ባቲስታ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገው ወደ ጋራዡ ወረደች። የነዳጁን ጀሪካን ከፈተች። መጀመሪያ ሦስት ጠብታ ብቻ አሰበች። ከዚያ የእሳቱን ትልቅነትና የጠብታውን ትንሽነት አመዛዘነችና አንድ የቡና ሲኒ ሞልታ ቸረችው። "አንቺው ጠብቂልኝ" ብላ ከደነችው። ምን ክፋት አለው? የደብሩ ቄስ ዶን ታርሲዚዮ በየዓመቱ በጥር ትራክተሩንም፣ ሞተር ብስክሌቱንም፣ የአምቡላንሱን ጎማ ሳይቀር ይረጭ የለም? ስለዚህ በሚቀጥለውም እሑድ አንድ ሲኒ። በሚቀጥለውም።

"ዘንድሮ ነዳጁ በረከት አለው" አለ ባቲስታ በግንቦት፣ ጀሪካኑን እየነቀነቀ። "ብነዳው ብነዳው አያልቅም።" በዚያው ሰሞን ጋውዴንሲዮ ነዳጅ አልቆበት አንድ ሊትር ሲበደረውም ያለ ወትሮው ሳያጉረመርም ቀዳለት።

ሞተሩ መሳል የጀመረውም ያን ጊዜ ነው።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፐርሰሜሎው ከታጠበ በኋላ፣ ባቲስታ ሞተሩን ገጣጠመው። ዋናውን ዘንግ ኮሎውን አስገባ፣ የፒስተኑን ክንድ ቢየላውን ሰካ፣ ፒስተኑን በጉሎ ዘይት አርሶ ሲሊንደሩን አለበሰው፣ የላይኛውን ክዳን ቴስታታውን አራቱን ብሎን በየተራ እያፈራረቀ አጠበቀ። ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ በሚያግለው ባትሪ አነቃቅቶ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ እንደ ተናደደች ተርብ ጮኸ። ኤርሲሊያ ፎጣዋን አጥብቃ ያዘች። ባቲስታ ባትሪውን ከካንዴላው ላይ አነሳ። ሞተሩ ኽ፣ ኽ፣ ኽ ብሎ ሞተ።

ስድስት ጊዜ ሞከረ። ስድስት ጊዜ ሞተ።

ባቲስታ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ያወጣውን አሮጌ ኩሽኔታ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ በጣቱ አሽከረከረው፤ አሸዋ እንደበላ ጥርስ ተንቋቋ። "እዪው እስቲ፣ ዝጓል። የገባው እኮ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ። ከየት ነው ውሃ የሚመጣበት?"

ኤርሲሊያ ፎጣዋን ከትከሻዋ ልታወርድ የነበረው እጇ እዚያው ቀረ።

"ውሃ?" አለች።

"ውሃ ሳይነካው አይዝግም። እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ቴስታታውን በትክክል አላጠብቀውም ማለት ነው፤ የወንዙን እርጥበት ይስባል። እጄ ነው፣ ኤርሲሊያ። ፒስተኑ ሲነክስ ድሮ እስከ ክርኔ ይሰማኝ ነበር። አሁን መንከሱ ይሁን የኔ እጅ መንቀጥቀጡ አላውቀውም።" ኩሽኔታውን አስቀመጠው። "ነገ ሳምንት የክለቡ ውድድር ነው። እዚያ ካልነሳልኝ መኪናውንም፣ ሳጥኑንም፣ ካቻቢቴውን ሳይቀር ለወንድምሽ አስረክቤ እመጣለሁ። በቃኝ።"

  እግዜር ይቅር ይበላትና በዚያች ደቂቃ የመጣላት ሐሳብ፦ ሞተር የለም ማለት ሜታኖል የለም፣ ሜታኖል የለም ማለት የማይታይ እሳት የለም፤ ባሏ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ቅንድቡ በቦታው ሆኖ ያረጃል። ለዚህ አይደል ስትጸልይ የኖረችው? ጸሎቷ ተሰማ። ዝም አለች።

የተሰማ ጸሎት ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀችው ሰኞ ነው። ባቲስታ ጋራዡን ቆልፎ ወደ ኩሽናዋ ገባ። የፓስታውን አፈላል በሰዓት ለካ። "ፓኬቱ ዘጠኝ ደቂቃ ይላል፤ አንቺ አሥራ አንድ ነው የቀቀልሽው።" ማክሰኞ ፍሪዘሩን በፊደል ተራ ደረደረው። ረቡዕ ገበያ ተከትሏት ሄዶ ለሥጋ ሻጩ ቢላ እንዴት እንደሚሳል አስረዳው፤ ሥጋ ሻጩም ለኤርሲሊያ በሹክሹክታ "እማማ፣ ነገ ብቻዎን ይምጡ" አላት። ይኼን ሁሉ ትችለው ነበር። ሐሙስ ለምሳ ሲቀመጥ ግን እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ማንኪያ አላነሳም። ለሐኪም ቀጠሮ ሲለብስም ከመስተዋቱ ፊት ብዙ ቆየና "እስቲ ይኼን ቁልፍ ቆልፊልኝ" አላት፣ ወደ ግድግዳው እያየ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ቁልፉን ቆልፋለት አታውቅም። ሰውየው በሕይወቱ ሙሉ ከጤፍ የሚያንስ ብሎን ሲያስር የኖረ ነው!

"ባቲስታ፣ ያ ነዳጅ..." አለች።

"አታንሺብኝ።"

ዓርብም ሞከረች። "ያ ጀሪካን..."

"አልኩሽ እኮ፣ አታንሺብኝ።"

ጀሪካኑን በድብቅ ልትደፋውም አስባ ነበር። ግን የት? መታጠቢያው ላይ ብትደፋው፣ እሳቱ በቱቦው ውስጥ እየተሳበ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በየመጸዳጃው ሳይታይ ሲያነደው ታያት። ከድናው ወጣች።

እሑድ ቅዳሴውን በግማሽ ልብ ሰምታ ተከትላው ወደ ኳስ ሜዳው ሄደች። ሰባት ሽማግሌዎች፣ ሰባት መኪናዎች፣ በሰኔ ፀሐይ የሚጨስ የጉሎ ዘይት። ጋውዴንሲዮ የሚያብረቀርቅ አዲስ ሞተር ይዟል፤ የድሮው በግንቦት መጨረሻ ታሞ ታሞ ስለሞተበት።

"ጋሼ ባቲስታ!" አለ ከሩቅ፣ "ሕመምተኛውን አመጣኸው? አልጋ አስይዘንለታል!"

"አንተ ለራስህ አስይዝ።"

ባቲስታ ታንኩን ከዚያው ጀሪካን ሞላ። ካንዴላውን አጋለ፣ ገመዱን ሳበ። ጮኸ። ባትሪውን አነሳ። ኽ፣ ኽ፣ ኽ። እንደገና። ኽ፣ ኽ። ወንዶቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡት። ጋውዴንሲዮ እንኳን መሳቅ ትቶ "ካርቡራተሩን ትንሽ ክፈተው እስቲ" አለ። ከፈተው። ኽ።

ባቲስታ ቀስ ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የመሣሪያውን ሳጥን ዘጋ፤ መኪናዋን ላዩ ላይ አስቀመጠ፤ ሁለቱንም አንስቶ ለጋውዴንሲዮ ዘረጋለት። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ቁልፎች በእጁ መንቀጥቀጥ ይንኳኳሉ።

"ያዝ" አለ። "እኔ ጨርሻለሁ። እጄ ሞቷል።"

"ኧረ ተው፣ ሰውዬ፣ እንዲህ አይባልም..."

"ያዝ አልኩህ!"

"እንዳትቀበለው!" ጮኸች ኤርሲሊያ። ሁሉም ዞረው አዩዋት፤ ፎጣዋ ትከሻዋ ላይ፣ ቦርሳዋ ደረቷ ላይ። "ውሃ ነው! ነዳጁ ውስጥ ውሃ አለ!"

"ከየት የመጣ ውሃ?" አለ ባቲስታ።

"ከኔ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ጠበል ነው። በየእሑዱ። አንዲት ሲኒ።" ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። "የቡና ሲኒ። እሳቱ አይታይም አለኛ!"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ።"

ወንዶቹ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አንዱ "አሥር እሑድ" አለ፤ ሌላው "አሥራ አንድ ነው፣ ጰራቅሊጦስን ዘለልከው" ብሎ አረመው። ጋውዴንሲዮ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ጠበል! አይ እትዬ! ሞተሩ ክርስትና ተነሥቶ... ለዚያ ነው የሚያስለው፣ ኑዛዜ እየገባ ነው!" ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ቆይ። በግንቦት አንድ ሊትር የተበደርኩት ከየትኛው ጀሪካን ነው?"

ሁሉም ወደ ባቲስታ ጀሪካን ዞሩ። ጀሪካኑ አንድ ነው።

"ሞተሬ! እንደ ሰዓት የሚሠራ ሞተሬ! ሞቷል ብዬ ለደብሩ ሎተሪ ሰጠሁት እኮ!"

"ለማን ደረሰ?" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

"ለዶን ታርሲዚዮ! ጠረጴዛው ላይ ወረቀት እንዳይበርበት ይጭንበታል!"

"ታዲያ ጠበሉ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው" አለ ሰውየው፣ ሳቁም እንደ አዲስ ተነሣ።

ባቲስታ አልሳቀም። ሳጥኑን መሬት ላይ አኑሮ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ገልብጦ ያያቸዋል። ኤርሲሊያ ቀረበችው። ይሰድበኛል፣ ይገባኛልም አለች በልቧ።

"እንግዲያው እጄ አይደለም?" አላት።

"እጅህ አይደለም።"

"ኩሽኔታው በትክክል ገብቷል?"

"ፐርሰሜሎውን ካልቆጠርነው በትክክል ገብቷል።"

"ስለዚህ እጄ አይደለም" አለ ለራሱ። ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ የሳምንቱን ሁሉ ይዞ መጣ። "አንቺ ሴትዮ! ሦስት ጊዜ ፈታሁት! ሦስት ጊዜ ገጠምኩት! የወንዙን እርጥበት ረገምኩ፣ ኩሽኔታ የሸጠልኝን ሰው ረገምኩ፣ እጄን ረገምኩ! ሳምንቱን ሙሉ ፓስታ ስቆጥር አይተሽ ዝም አልሽ?"

"ልነግርህ ነበር! አታንሺብኝ አልክ!"

"እሱን ብቻ ነው የሰማሽኝ? አርባ ዘጠኝ ዓመት ካልኩሽ ሁሉ የታዘዝሽኝ እሱን ብቻ ነው?"

"በጎ ነገር ብዬ ነው! እንዳትነድብኝ ብዬ ነው!" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ድንገት ጎማቸውን ማየት ጀመሩ።

ባቲስታ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ጋውዴንሲዮ ዞረ። "አንድ ሊትር አለብህ። ንጹሑን አምጣ።"

"የተበደርኩት እኮ ውሃ ነው! ውሃ ነው የምመልሰው!"

"ጋውዴንሲዮ!" አለች ኤርሲሊያ፣ በልጅነቱ ጃም ሲሰርቅ ስትይዘው በምታወጣው ድምፅ። ጋውዴንሲዮ ጀሪካኑን አመጣ።

ታንኩን አጠቡት፣ ቱቦውን ነፉት፣ ካንዴላውን ቀየሩት። ከመቀስቀሱ በፊት ባቲስታ ሞተሩን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ አናቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቱ ግን ይሰማል።

"ይነክሳል" አለ። "ነይ፣ የኋላ ጎማዋን ከመሬት ከፍ አድርጊልኝ።"

"እኔ?"

"ሌላ ሚስት አለችኝ?"

ኤርሲሊያ ዓይኗን ጨፍና፣ ክንዷን እስከቻለችው ድረስ ዘርግታ ያዘችለት። ገመዱ ተሳበ። ጮኸ። ባትሪው ተነሣ። አሁን ካልሳለ... አልሳለም። ጎማዎቹ በእጇ ሥር ተፈተለኩ፣ ሰማያዊው ጭስ ፊቷን ሸፈነው፣ የጉሎ ዘይቱ የእሑድ ሸሚዟን ነጠብጣብ በነጠብጣብ አደረገው። "ልቀቂ!" አላት፤ ለቀቀች። መኪናዋ ከእጇ ላይ ጠፍታ ሜዳው ማዶ ታየች።

ባቲስታ ከሰባት አራተኛ ወጣ። የጋውዴንሲዮ አዲስ ሞተር ገና ሳይለማመድ ስላስጨነቀው በአሥራ አንደኛው ዙር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስለዚህ ለባቲስታ አራተኛው እንደ አንደኛ ነበር። ፊቱ ዘይት በዘይት ሆኖ መጣ፤ ጆሮዎቹ ሳይቀሩ እየሳቁ።

"ውሃው ተርፏል?" አላት።

ኤርሲሊያ በፍርሃት ቦርሳዋን ከፈተች። የማዶናው ጠርሙስ እስከ ወገቧ ሙሉ ነው።

"እንግዲህ መጠበቅ ያለበት እኔ ከሆንኩ እኔን እርጪኝ። እኔ አልዝግም።"

የጠርሙሷን አክሊል ፈትታ ግንባሩን፣ ትከሻውን፣ ሁለቱን እጆቹን ረጨችው፤ እጆቹን ደጋግማ። ጋውዴንሲዮም ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለላት። "ለኔም፣ እትዬ። ከሱ እጥፍ አድርጊው፣ የኔ ሞተር ነው የቆመው።"

ወደ እሱ ስትዞር ባቲስታ ሮጦ ሄዶ የመኪናዋን ታንክ በባርኔጣው ከደነው።